ያለ ፈቃድ የተከፈተ መደርደሪያ፦ የጥላ ቤተ መጻሕፍት ታሪክ

የጥላ ቤተ መጻሕፍት የሚባሉት መጻሕፍትንና ጥናታዊ ጽሑፎችን ያለ ባለመብቶቹ ፈቃድ በኢንተርኔት አከማችተው ለፈለገ ሁሉ ያለ ክፍያ የሚያድሉ ስብስቦች ሲሆኑ፣ ስያሜው የወጣላቸው ከመደበኛው ቤተ መጻሕፍት ጎን፣ ሕግ በማያውቃቸው ስፍራ በመቆማቸው ነው። ስለ እነርሱ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ሌብነት ነው በሚሉና ውለታ ነው በሚሉ ወገኖች መካከል ታስሮ ይቀራል። ታሪካቸውን ከሥሩ የሚከታተል ሰው ግን ከሁለቱም የበለጠ የሚያነጋግር ነገር ይገጥመዋል፤ በአንድ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩት ሁለት ዓይነት ጽሑፎች፣ ማለትም ጸሐፊው ያለ ክፍያ የሚያበረክተውና ጸሐፊው እንጀራ የሚበላበት፣ በባሕርያቸው የማይገናኙ ሆነው ሳለ ሕጉም፣ ሕጉን የጣሱትም በአንድ ዓይን ሲመለከቷቸው ኖረዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሁለቱ ጽሑፎች መለያየት ከኮምፒውተር በእጅጉ ይቀድማል። በ1665 በጥር ወር በፓሪስ፣ ሁለት ወር ቆይቶም በለንደን፣ የመጀመሪያዎቹ የምርምር ጆርናሎች መታተም ጀመሩ፤ የለንደኑን የመሠረተው ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሊቃውንት ማኅበር ጸሐፊ ሄንሪ ኦልደንበርግ ነበር። ለእነዚህ ጆርናሎች ጽሑፍ የሚልክ ሊቅ የሚያገኘው ገንዘብ አልነበረም፤ የሚያገኘው አንድን ነገር ቀድሞ ስለማግኘቱ በስሙና በዕለቱ የተመዘገበ ምስክር ነበር። ከዚህ በተለየ መንገድ፣ በ1710 በእንግሊዝ በንግሥት አን ዘመን የወጣው ሕግ ለመጽሐፍ ደራሲ በሥራው ላይ የ14 ዓመት ብቸኛ መብት ሰጠው፤ ጊዜው ሲያበቃ ደራሲው በሕይወት ካለም ለሌላ 14 ዓመት እንዲታደስ ፈቀደ። ሕጉ የታሰበው በብዕሩ ለሚተዳደር ሰው ነበር። የሳይንስ ጸሐፊው በዚያው ሕግ ጥላ ሥር መግባቱ ለረጅም ዘመን ማንንም አላስቸገረም፤ ማተሚያ፣ ወረቀትና ፖስታ ገንዘብ ስለሚጠይቁ ያለ አሳታሚ ወደ አንባቢ የሚደርስ ጽሑፍ አልነበረምና።

ነገሩ መልኩን የቀየረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። መንግሥታት ለምርምር የሚያወጡት ገንዘብ ሲያድግ የሊቃውንት ማኅበራት ዘገምተኛ ጆርናሎች የጽሑፉን ጎርፍ መሸከም አቃታቸው፤ ክፍተቱን ካዩት ነጋዴዎች ዋነኛው በትውልዱ ቼኮዝሎቫክ፣ በዜግነቱ እንግሊዛዊ የሆነው ሮበርት ማክስዌል ሲሆን፣ በ1951 ፐርጋሞን ፕሬስ ብሎ በሰየመው ድርጅት አዳዲስ ጆርናሎችን በላይ በላዩ ይከፍት ጀመር። የንግዱ ምሥጢር ቀላል ነበር። አንድ ጆርናል በሌላ ጆርናል አይተካም፤ ስለ ጉበት የተጻፈውን የፈለገ ሐኪም ስለ ሳምባ የተጻፈው ረክሶ ቢያገኘው ምንም አይጠቅመውም። ከዚህም በላይ ጆርናሉን የሚመርጠው ተመራማሪው ሆኖ ሒሳቡን የሚከፍለው ቤተ መጻሕፍቱ ስለሆነ መራጩ ዋጋውን አያውቀውም። ጽሑፉን የሚጽፈው፣ የአቻ ግምገማ የሚባለውን ምርመራ የሚያካሂደው፣ ብዙ ጊዜም አርታኢ ሆኖ የሚሠራው ደመወዙን ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከመንግሥት የሚያገኝ ሰው ነው፤ ውጤቱን ግን ዩኒቨርሲቲው መልሶ በገንዘቡ ይገዛዋል። በ1964 ዩጂን ጋርፊልድ ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚቆጥር ማውጫ ማሳተም ሲጀምር ጆርናሎች በደረጃ መመዘን ቻሉ፤ ደረጃው ከፍ ያለውን ጆርናል አልገዛም ማለት ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ከባድ ሆነ። ማክስዌል በ1991 ፐርጋሞንን ለኔዘርላንዱ ኤልዘቪር በ440 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። ገዢው በ2010 ከሳይንስ ሕትመት ካስገባው 2 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ውስጥ 724 ሚሊዮኑ ትርፍ ነበር።

ፐርጋሞን በተሸጠበት በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ ወር፣ በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ የሚሠራው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ጊንስፓርግ ባልደረቦቹ ገና ያልታተሙ ጽሑፎቻቸውን በኮምፒውተር መረብ የሚለዋወጡበት ማኅደር ከፈተ፤ በኋላ አርካይቭ የሚል ስም የወጣለት ይህ ማኅደር ነው። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው የሚያስገቡበት በመሆኑ የማንም መብት አልተነካበትም። የሩሲያው የሒሳብ ሊቅ ግሪጎሪ ፔሬልማን ለመቶ ዓመት ገደማ መፍትሔ ላጣው የፖንካሬ ጥያቄ ያገኘውን መልስ ከ2002 ጀምሮ እዚያው አስቀምጦ ወደ ምንም ጆርናል ሳይልክ ቀረ፤ ዓለምም አንብቦ፣ መርምሮ ተቀበለው። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1971፣ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ማይክል ሃርት የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ በኮምፒውተር ላይ በመጻፍ የመብት ዘመናቸው ያለፈ መጻሕፍትን በነጻ የሚያቀርበውን የጉተንበርግ ፕሮጀክት ጀምሮ ነበር። ሁለቱም በሕግ ክልል ውስጥ የተሠሩ ሥራዎች ናቸው፤ ጥላው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው።

በሶቪየት ኅብረት መንግሥት ያልፈቀደውን ጽሑፍ በጽሕፈት መኪና መትቶ፣ በካርቦን ወረቀት አብዝቶ ከእጅ ወደ እጅ ማሳለፍ የቆየ ልማድ ነበር፤ ሳሚዝዳት፣ ማለትም የራስ ኅትመት፣ ይሉታል። አንብቦ የጨረሰ ሰው ገልብጦ ማስተላለፍ እንደ ግዴታ ይቆጠርበት በነበረ ኅብረተሰብ ውስጥ መጽሐፍ መቅዳት የነውር ስም አልነበረውም። ሥርዓቱ በ1991 ሲፈርስ ሳንሱሩ አብሮ ሄደ፤ ነገር ግን የቤተ መጻሕፍት በጀትም አብሮ ሄደ፤ የውጭ ጆርናል የሚገዛበት ምንዛሪም ጠፋ። በዚህ ጊዜ፣ በ1994፣ የኮምፒውተር ባለሙያው ማክሲም ሞሽኮቭ በስሙ የሚጠራውን የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። መጻሕፍቱን የሚያመጡለት በየቤታቸው የሚተይቡና በስካነር የሚያነሱ አንባቢዎች ነበሩ፤ ደራሲ ይነሣልኝ ሲለውም ያነሣ ነበር። በ2004 ክስ ቀረበበት፤ በቀጣዩ ዓመት ፍርድ ቤቱ ለአንድ ደራሲ 3,000 ሩብል የሞራል ካሣ እንዲከፍል ሲወስንበት የአገሩ የፕሬስ መሥሪያ ቤት ደግሞ በዚያው ዓመት ለቤተ መጻሕፍቱ የገንዘብ ድጋፍ ሰጠው። ስለ ዘመኑ መንፈስ ከዚህ የበለጠ የሚናገር መረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ሞሽኮቭ በአብዛኛው ልብ ወለድ ሲሰበስብ፣ ሳይንሱን የያዙት ሌሎች ናቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሩሲያ ያሉ የሒሳብና የፊዚክስ ሰዎች ኮልሆዝ በተባለ ስብስብ ተደራጅተው መማሪያና የምርምር መጻሕፍትን ስካን እያደረጉ በዲቪዲ ያሰራጩ ነበር፤ ስሙ የሶቪየት የኅብረት እርሻ መጠሪያ መሆኑ በቀልድ የተደረገ ነው። በ2008 አካባቢ እንዲህ ያሉ የተበታተኑ ክምችቶችን በአንድ ካታሎግ ያዋሐደ ላይብረሪ ጀነሲስ የሚባል ድረ ገጽ ብቅ አለ። የዚህ ቤተ መጻሕፍት ልዩነት ከመጻሕፍቱ ብዛት ይልቅ በአሠራሩ ላይ ነበር፤ መጻሕፍቱን ብቻ ሳይሆን ካታሎጉንና ድረ ገጹ የሚሠራበትን ፕሮግራም ጭምር ማንም ሙሉ በሙሉ ገልብጦ የራሱን ቅጂ እንዲያቆም ፈቀደ። አንድ ሰርቨር ቢዘጋ ሌላው ቀድሞውኑ ሙሉ ሆኖ ቆሟል። ሳሚዝዳት ያስተማረው ጥንቃቄ ማለት ይኸው ነው፤ ምዕራባውያኑ ተመሳሳይ ድረ ገጾች ይህን ስላላወቁ ዋጋ ከፍለዋል። መጀመሪያ ጊጋፔዲያ፣ በኋላ ላይብረሪ ዶት ኑ የተባለው፣ 400,000 ያህል መጻሕፍት ያሉበት ድረ ገጽ በየካቲት 2012 አሥራ ሰባት አሳታሚዎች ከሙኒክ ፍርድ ቤት ባወጡት እግድ ሲዘጋ እንዳልነበረ ሆነ፤ ክምችቱ በላይብረሪ ጀነሲስ በኩል ባይተርፍ ኖሮ ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር።

ሕጋዊው መንገድም በእነዚሁ ዓመታት ይጠረግ ነበር። በታኅሣሥ 2001 በቡዳፔስት የተሰበሰቡ ምሁራንና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በየካቲት 2002 ባወጡት መግለጫ ክፍት ተደራሽነት የሚለውን ሐሳብ አስተዋወቁ፤ ትርጉሙም ጥናታዊ ጽሑፍ በጸሐፊው ፈቃድ፣ ያለ ክፍያና ያለ አጥር በኢንተርኔት መነበብ አለበት የሚል ሲሆን፣ መግለጫው የሚያተኩረው ሊቃውንት ክፍያ ሳይጠብቁ በሚያበረክቱት ጽሑፍ ላይ መሆኑን በግልጽ አስፍሯል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለቱን ዓይነት ጽሑፎች በጥንቃቄ ለይቶ የተነሣ ሰነድ ቢኖር ይህ ነው። በጥር 2002 የዓለም የጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ ሂናሪ የተባለውን ፕሮግራም ሲከፍት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ተቋማት የሕክምና ጆርናሎችን በነጻ ማንበብ ቻሉ። ስጦታ ግን በሰጪው እጅ ያለ ነገር ነው፤ በጥር 2011 አሳታሚዎች ከ2,500 በላይ ጆርናሎችን በድንገት ከባንግላዴሽ አነሡ፤ ከተቃውሞ በኋላ ነው መልሰው የከፈቱት።

በአሜሪካ ደግሞ ጉዳዩ የአንድ ወጣት ሕይወት ጠየቀ። የኮምፒውተር ባለሙያውና የመብት ተሟጋቹ አሮን ስዋርትዝ በ2008 ባሰራጨው ጽሑፍ ጆርናል የማግኘት ዕድል ያላቸው ሰዎች ለሌላቸው የማካፈል ግዴታ አለባቸው ሲል ተከራክሮ ነበር። ከመስከረም 2010 ጀምሮ ኤም አይ ቲ በተባለው ዩኒቨርሲቲ መረብ በኩል፣ ጄስቶር ከተባለውና ለትርፍ ካልተቋቋመው የጆርናሎች ማኅደር 4.8 ሚሊዮን ገደማ ጽሑፎችን አወረደ፤ በጥር 2011 ተያዘ። ጄስቶር ቅጂዎቹ ከተመለሱለት በኋላ ክርክሩን ቢተውም የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ገፋበት፤ ክሱ ይፋ ሲደረግ ቅጣቱ እስከ 35 ዓመት እስራት ሊደርስ እንደሚችል ተገለጸ። ስዋርትዝ በጥር 11 ቀን 2013፣ በ26 ዓመቱ፣ የራሱን ሕይወት አጠፋ። ጽሑፎቹን ለማሰራጨት ዐስቦ ነበር ወይስ ለጥናት የሚለው ጥያቄ ችሎት ፊት ሳይቀርብ ቀረ።

ስዋርትዝ ክስ ላይ በነበረበት በመስከረም 2011፣ በአልማቲ ተወልዳ ያደገችው የካዛክስታን ተወላጅ አሌክሳንድራ ኤልባክያን ሳይ-ሃብ የተባለውን ድረ ገጽ ከፈተች። ተማሪ ሳለች ለመመረቂያ ሥራዋ የሚያስፈልጓት ጽሑፎች እያንዳንዳቸው 30 ዶላር ገደማ ይጠየቅባቸው ነበር፤ አንድ ጥናት ደግሞ በደርዘን የሚቆጠሩ ጽሑፎችን ማገላበጥ ስለሚጠይቅ፣ ብዙዎቹም ተነብበው የማይጠቅሙ ሆነው ስለሚገኙ፣ በእርሷ ሁኔታ ያለ ሰው ዋጋውን ሊቀምሰው አይችልም ነበር። የሳይ-ሃብ አሠራር እንደሚከተለው ነበር። እያንዳንዱ ጥናታዊ ጽሑፍ ዲ.ኦ.አይ. የሚባል ቋሚ መለያ ቁጥር አለው፤ አንባቢው ያንን ቁጥር ሲያስገባ ድረ ገጹ ደንበኝነት ባላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የይለፍ ቃል ወደ አሳታሚው ይገባና ጽሑፉን አምጥቶ ለአንባቢው ይሰጣል፤ በዚያው ቅጽበትም አንድ ቅጂ ያስቀራል። ሁለተኛው ጠያቂ ሲመጣ አሳታሚው ዘንድ መሄድ አያስፈልግም። በዚህ መንገድ ማንም እቅድ ሳያወጣ፣ እያንዳንዱ አንባቢ ለቀጣዩ አንባቢ እየገዛ፣ መጋዘኑ ሞላ። የይለፍ ቃሎቹ እንዴት እንደተገኙ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አሳታሚዎች በማታለል የተሰረቁ ናቸው ሲሉ እርሷ ብዙዎቹ በፈቃደኞች የተሰጡ መሆናቸውን ተናግራለች።

ኤልዘቪር በሰኔ 2015 በኒው ዮርክ ሳይ-ሃብንና ላይብረሪ ጀነሲስን ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ በጥቅምት እግድ ሰጠ፤ በሰኔ 2017ም የ15 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረደ። ተከሳሿ አልቀረበችም፤ በአሜሪካ ያላት ሀብትም ስላልነበረ ፍርዱ ወረቀት ላይ ቀረ። ክሱ ያመጣው ትልቁ ውጤት ዝና ነበር ማለት ይቻላል። በ2016 ሳይንስ የተባለው መጽሔት ኤልባክያን ራሷ በሰጠችው መረጃ ላይ ተመሥርቶ ባወጣው ዘገባ፣ በስድስት ወር ውስጥ 28 ሚሊዮን ጽሑፎች ተጠይቀዋል፤ ከቻይና 4.4 ሚሊዮን፣ ከህንድ 3.4 ሚሊዮን፣ ከኢራን 2.6 ሚሊዮን። ኢራንን እዚያ ያደረሳት ድህነት ብቻ ሳይሆን በማዕቀብ ምክንያት ለመክፈል ብትፈልግ እንኳ መንገዱ ጠባብ መሆኑ ነው። ደጋፊዎቹ ለማንሣት የማይወዱት ነገርም በዘገባው አለ፤ አሜሪካ ከሩሲያ ቀጥላ አምስተኛ ስትሆን፣ ጥያቄ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች መካከል ጆርናሎቹን በሕግ የሚያገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉባቸው ከተሞች ይገኙበታል። ለእነዚህ አንባቢዎች ሳይ-ሃብ የድሃ መጠጊያ ሳይሆን አቋራጭ መንገድ ነበር። በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ድረ ገጹ በክፍያ ጆርናሎች ከወጡት ጽሑፎች ውስጥ 85.1 በመቶውን መያዙን አሳየ።

ይህ መጠን የድርድሩን ጠረጴዛ ሳይነካ አልቀረም። የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ከኤልዘቪር ጋር መስማማት አቅቷቸው ውላቸውን እየተዉ ወጡ፤ በ2018 የስዊድን፣ በየካቲት 2019 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተከተሉ። በየትኛውም ተቋም መግለጫ ላይ የሳይ-ሃብ ስም እንደ ማስፈራሪያ አልተጻፈም፤ ሆኖም ተመራማሪዎቹ ያለ ደንበኝነት ዓመታት መሥራት የቻሉት ከበስተጀርባ የተከፈተ በር እንዳለ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው ብሎ መገመት ከእውነት አያርቅም። በመስከረም 2018 የአውሮፓ የምርምር ገንዘብ ሰጪዎች ፕላን ኤስ በተባለው ዕቅድ የሚደግፉት ጥናት ሁሉ በክፍት እንዲታተም ወሰኑ። ሸክሙ ግን ከአንባቢ ወደ ጸሐፊ ዞረ፤ ብዙ ጆርናሎች ጽሑፉን በክፍት ለማውጣት ከጸሐፊው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቁ ሆኑ። ትናንት ማንበብ ያልቻለው የድሃ አገር ተመራማሪ ዛሬ ቅናሽ ካልተደረገለት ማሳተም የማይችል ሆነ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በመስከረም 2019 ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጸደቀ፤ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ሁሉ በዩኒቨርሲቲዎቹና በብሔራዊው ዲጂታል ማኅደር እንዲቀመጥ ያዝዛል። በሌላ ወገን የአማርኛ መጻሕፍት በፒዲኤፍ ተገልብጠው በቴሌግራም ሲዘዋወሩ፣ አገሪቱ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት እንደምትጠብቅ ከመጤፍ የቆጠረው የለም። ሁለቱን ነገሮች አንድ አድርጎ እውቀት ነጻ ይሁን ማለት ቀላል ነው። ፖሊሲው የሚያዝዘው ደመወዝተኛ ተመራማሪን ሲሆን የፒዲኤፉ ዱላ የሚያርፈው ግን ለማተሚያ ቤት ተበድሮ መጽሐፉን ባወጣ ደራሲ ላይ ነው።

በታኅሣሥ 2020 ኤልዘቪር፣ ዋይሊና የአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር በዴሊ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። በዚህ ጊዜ ኤልባክያን በጠበቃ ተከራከረች፤ ክሱ እስኪታይ ድረስም አዳዲስ ጽሑፎችን መጨመር አቆመች፤ ሳይ-ሃብን ያደከመው የኒው ዮርክ ሚሊዮኖች ሳይሆኑ ይህ የራሷ ዝምታ ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ድርጅት ስካን ያደረጋቸውን መጻሕፍት በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ያለ ገደብ ሲያውስ አራት አሳታሚዎች ከሰሱት፤ በ2023 ተፈረደበት፤ በመስከረም 2024 ፍርዱ በይግባኝም ጸና። በኅዳር 2022 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ዜድ-ላይብረሪ የተባለውን፣ ከላይብረሪ ጀነሲስ ቅጂ ተነሥቶ ወደ ንግድ ያዘነበለውን ድረ ገጽ አድራሻዎች ወረሰ፤ ሁለት ሩሲያውያንም በአርጀንቲና ተያዙ። በዚያው ወር አናስ አርካይቭ የተባለ ሌላ ድረ ገጽ የሁሉንም ካታሎግ በአንድ ላይ ይዞ ብቅ አለ።

ከዚህ በኋላ ወደ መደርደሪያው የመጣው አንባቢ ሰው አልነበረም። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚገነቡ ኩባንያዎች ማሽኖቻቸውን ለማሠልጠን እጅግ ብዙ ጽሑፍ ስለሚያስፈልጋቸው፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ያላቸው ድርጅቶች ለካዛክስታን ተማሪ የተከፈተውን በር ተጠቀሙበት፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሜታ ከላይብረሪ ጀነሲስ መውሰዱ በፍርድ ቤት ሰነዶች ወጣ። ደራሲዎች አንትሮፒክ የተባለውን ሌላ ኩባንያ በከሰሱበት መዝገብ የካሊፎርኒያው ዳኛ ዊሊያም አልሰፕ በሰኔ 2025 ማሽንን በመጻሕፍት ማሠልጠን በራሱ የተፈቀደ አጠቃቀም መሆኑን፣ ከጥላ ቤተ መጻሕፍት የወረደን በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ አከማችቶ መያዝ ግን በዚያ ሥር እንደማይሸፈን ወሰነ። ኩባንያው በመስከረም ለ1.5 ቢሊዮን ዶላር ዕርቅ ተስማማ፤ 500,000 ገደማ ለሆኑ መጻሕፍት ለእያንዳንዳቸው 3,000 ዶላር ያህል የሚደርስ ነው። በዝርዝሩ ለመግባት መጽሐፉ በአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በጊዜው የተመዘገበ መሆን ስላለበት፣ በየትኛውም ቋንቋ ይጻፍ፣ እዚያ ያልተመዘገበ መጽሐፍ ደራሲ ድርሻ የለውም፤ ከኦልደንበርግ ዘመን ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚበረከቱት የጆርናል ጽሑፎችም ዝርዝሩ ውስጥ አልገቡም።